ሬንደር ሳደርግ ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ይገባና ኮምፒውተሩ ይጠፋብኛል

የሰርግ_ካሜራ
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡15

ሰላም ለቤቱ። ስለሚረዝም ይቅርታ፤ አንድም ሳላስቀር ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነው፣ አዲስ አበባ። ኮምፒውተሬ የተገጣጠመ ነው፤ የኢንቴል ኮር አይ 7 4790 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ክቡ ኩለር። ኬዙ ከኋላ አንድ ፋን ብቻ ነው ያለው። አሮጌ መሆኑን አውቃለሁ፣ «ቀይረው» እንዳትሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንጀራ ያበላኝ እሱ ነው።

በጾሙ ጊዜ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ጥገና ቤት ወስጄ አስጸዳሁት። አቧራውን አወጡ፣ ፔስትም (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አሻጋሪ ቅባት) ቀየሩለት፣ ከፍዬ ወጣሁ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሰርጉ ሲጎርፍ ነው ጉዱ የታየኝ። ኤክስፖርት የሚለውን ስጫን ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፤ በፊት ሃምሳ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ አሁን ሁለት ሰዓት ሊሞላው ምንም አይቀረው። አንዳንዴ ደግሞ መሃል ላይ ድርግም ይላል። ትናንት 94 በመቶ ላይ ጠፋ። ሙሽራዋ በየቀኑ ትደውላለች፣ አሁን አሁንማ እናቷም ጀምረዋል።

ኮር ቴምፕ የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጭኜ አየሁት። ምንም ሳልሠራበት ከ52 እስከ 58፣ ሬንደር (ኤክስፖርት) ላይ 98፣ 99፣ 100። ተቃጥሎ ይሆን? ኩለር ልግዛ? ወይስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው የሚቀየረው?


ነፋስ_ስልክ
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡31

ወንድሜ ብዙ አትጨነቅ፤ የኬዙን ጎን ክፈትና የጠረጴዛ ፋን ደቅንበት። እኔ ሁለት ዓመት እንደዛ ነው የምሠራው። ብር ስታገኝ የውኃ ኩለር ትገዛለህ። በመቶ ዲግሪ ወር ሙሉ ከነዳኸው ግን ፕሮሰሰሩ አልቆለታል፣ ቁርጥህን እወቅ።


ሽቦ_ቀጥል
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 4፡02

አላለቀለትም። ሰው አታስደንግጡ።

የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቆርጣል፤ ሬንደርህ የረዘመውም ለዚህ ነው። ከዚያም አልፎ ቢሄድ ጨርሶ ይዘጋል እንጂ ዝም ብሎ አይነድም። በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ኩለሩ ሲነሳለት ሰከንድ ሳይቆይ የሚጨስ የአትሎን ፕሮሰሰር ነበር፤ እኔ የዚያን ጊዜ ሰው ነኝና ፍርሃታችሁ ይገባኛል። አሁን ያሉት እንደዛ አይደሉም።

ምንም ነገር ሳትገዛ መጀመሪያ ይኼን ንገረኝ። ማሽኑ ሥራ ፈቶ ከቆየ በኋላ ቁጥሩን እያየህ ኤክስፖርት ጀምር። ከ55 ወደ 95 ለመውጣት ስንት ጊዜ ወሰደበት? ሁለት ሰከንድ ነው ወይስ አምስት ደቂቃ? ስታቆመውስ ወዲያው ወረደ ወይስ ተንቀራፈፈ? አራቱ ኮሮች እኩል ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ከዚያ አሥር ደቂቃ ካስኬድከው በኋላ ጎኑን ክፈትና የኩለሩን የአሉሚኒየም ጠርዝ በጣትህ ንካው። የፋኑን ክንፍ ተጠንቀቅ። ያቃጥላል ወይስ ለብ ያለ ነው?

ኮር ቴምፕ አይከፋም፣ ግን ኤችደብሊውኢንፎን አውርድ። ሴንሰሮቹን ብቻ አሳየኝ በለው፤ ከታች ሎግ የሚያስጀምር ቁልፍ አለ። በየሁለት ሰከንዱ ፋይል ላይ ይጽፍልሃል። ድርግም ሲልብህ የመጨረሻው መስመር ላይ ምን እንደነበር ቁጭ ብለን እናያለን። የዊንዶውስ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን መዝገብ አትላክልኝ፤ እሱ በትክክል አልተዘጋም ከማለት በቀር ምክንያቱን አይነግርም፣ በሙቀትም ይጠፋ በመብራት ያው ነው።


ጨዋታ_አዋቂ
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 4፡10

ፔስት ከጠፋ የጥርስ ሳሙና ይሠራል። ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ፣ እንዲያውም በልጦ ነበር 😂


ሙቀት_ለኪዋ
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 4፡44

ለአንድ ቀን ይሠራል፣ ቪዲዮውም የተቀረጸው በዚያ ቀን ነው። የጥርስ ሳሙና ውኃ ነው። ውኃው ሲተን የሚቀረው ኖራ የመሰለ ዱቄት ነው፣ እሱ ደግሞ ሙቀት ያግዳል። እባካችሁ ይኼን ነገር ለሰው አትምከሩ።


የሰርግ_ካሜራ
ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። (2001 ሲሉ ጋሼ ለማለት ደፈርኩ።)

ያሉኝን አደረግኩ። ከ54 ወደ 96 ለመውጣት ሁለት ሰከንድም አልሞላው። ሳቋርጠው ደግሞ ወዲያው 60 ሆነ። ኮሮቹ 99፣ 100፣ 88፣ 86 ናቸው። ኩለሩን ስነካው ነው ግራ የገባኝ፤ ለብ ያለ ነው። ውስጡ መቶ ነው እየተባለ ላዩ ላይ ያለው ብረት እንደ ሕፃን መታጠቢያ ውኃ። ሴንሰሩ ይሆን እንዴ የሚዋሸው?


ሽቦ_ቀጥል
ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 3፡05

ሴንሰሩ አልዋሸም። እንዲያውም የኢንቴል ሴንሰር የሚለካው ከጣሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው፣ ስለዚህ ወደ 100 ሲጠጋ ይበልጥ ይታመናል፤ ትንሽ ሊያሳስት የሚችለው ከታች፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው።

ፕሮሰሰሩ እየነደደ ብረቱ ለብ ካለ፣ ሙቀቱ ወደ ብረቱ እየተሻገረ አይደለም ማለት ነው። ችግሩ አቧራ ቢሆን ኖሮ ብረቱም አብሮ ይግል ነበር፣ ቁጥሩም በደቂቃዎች ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው። በሁለት ሰከንድ አርባ ዲግሪ መዝለል ሌላ ነገር ነው። ኩለሩና ፕሮሰሰሩ አልተገናኙም። ሁለቱ ኮሮች ከሌሎቹ በ12 መብለጣቸው ደግሞ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል እንድል ያደርገኛል። ጥገና ቤቱ ፔስቱን ቀይሮ ሲመልሰው አንዱን እግር ሳያስገባ ቀርቷል ብዬ እወራረዳለሁ።

የዚህ ኩለር እግር አራት ነው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ፕላስቲክ ነው፦ ነጩ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጥቁሩ በመሃሉ የሚያልፍ። ጥቁሩ ሲጫን ነጩን ከማዘርቦርዱ ጀርባ ይከፍተዋል፣ የሚይዘውም እሱ ነው። ለመንቀል ራሱ ላይ ባለው ቀስት አቅጣጫ አዙረህ ወደ ላይ ትስበዋለህ። ለመግጠም ደግሞ አራቱንም ወደ ቦታቸው መልሰህ አዙራቸው፣ አለዚያ «ገባ» ብለህ ስትሄድ ተመልሶ ይወጣል። ከዚያ በማዕዘን አንዱን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ትጫናለህ። ቀጭ ሲል ትሰማለህ። ሁለቱን በአንድ ወገን ከጫንክ ሌላው ወገን ይነሳል።

ከሁሉም በላይ፦ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጣ። ስንፍና ይዞህ ኬዝ ውስጥ እንዳለ አትግጠም፣ ቦርዱ ይጎብጥና አራተኛው እግር ይዋሽሃል። አውጥተህ ጀርባውን ገልብጠህ አራቱንም ነጭ ፕላስቲክ በዓይንህ እይ። አራቱም ወጥተው፣ ጥቁሩ በመሃል መታየት አለበት።


ሻርጃ_07
ግንቦት 5፣ ከቀኑ 6፡50

ሰላም ወገኖች፣ ክር ካልጠለፍኩ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሻርጃ ነው የምኖረው፣ ኤሲ ቀን ከሌት ይሠራል፣ ክፍሉ 24 ነው። የኤኤምዲ ፕሮሰሰሬ፣ ራይዘን 5 3600፣ ምንም ሳልነካው ከ38 ወደ 57 ይዘላል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ ፋኑም አብሮት ያለቅሳል። ፔስት ልቀይር?


ፔንግዊኑ
ግንቦት 5፣ ከቀኑ 7፡12

ጠልፈሃል፣ ግን አጭር ነው 🙂

አትንካው። የነዚህ ራይዘኖች ጠባይ ነው። ትንሽ ሥራ ባገኙ ቁጥር አንዱን ኮር ለቅጽበት ከፍ ያደርጉታል፣ ቺፑ ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ ይዘላል። የ3600 ጣሪያ 95 ነው፣ በጌም ወይም በሬንደር ሰዓት ስንት እንደሚገባ ነው ማየት ያለብህ። የሚያስቸግርህ ፋኑ ነው፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ የፋኑ ምላሽ በጥቂት ሰከንድ እንዲዘገይ አድርገው፣ ወይም እስከ 60 ድረስ ጠፍጣፋ መስመር ስጠው። ልቅሶው ያቆማል።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ካላችሁ ኤልኤም ሴንሰርስን ጭናችሁ «ሴንሰርስ» ብትሉ ሁሉንም ያወጣላችኋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2017 የወጡት ራይዘን 1700ኤክስና 1800ኤክስ ያሏችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ እነሱ ለፋኑ ሲባል ከእውነቱ 20 ዲግሪ ጨምረው ነበር የሚናገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኤኤም4 (የነዚህ ራይዘኖች ሶኬት) ላይ ኩለር ስትነቅሉ መጀመሪያ ማሽኑን አሙቁት፣ ከዚያ ግራ ቀኝ አወዛውዛችሁ እንጂ ቀጥ አድርጋችሁ አትሳቡ። የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ከነእግሩ መንግሎ ያወጣዋል። እኔ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ የተጣመሙትን እግሮች በመርፌ ሳቃና ነው ያመሸሁት።


ቨርጂኒያ_ነኝ
ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 1፡30

አንድ ነገር አልገባኝም። አዲስ አበባ እኮ ቀዝቃዛ ናት፣ እኔ ልጅ ሆኜ ሐምሌ ላይ ሹራብ ደርቤ ነበር የምተኛው። እዚህ በጋ ላይ ቤቴ 30 ይገባል፣ ኮምፒውተሬ ግን አይሞቅም። ለምንድነው ከአገር ቤት ሁሌ ሙቀት ሙቀት የሚባለው?


ሙቀት_ለኪዋ
ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 2፡48

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሥራዬ የሰርቨር ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ፋን የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን ነው፣ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ሽሮውም ጊዜ የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚጠርገው ሙቀት ይቀንሳል። የአሜሪካው የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ፣ ለተለመዱት ሰርቨሮች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። ለአዲስ አበባ ስታሰሉት 5 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። የ22 ዲግሪ ክፍል ለማሽኑ እንደ 27 ነው ብላችሁ አስቡት። የሚገድል አይደለም፣ ግን ፈረንጅ «72 ነው የሚገባልኝ» ሲል ሰምታችሁ የእናንተ 77 ቢሆን ወደ ሱቅ አትሩጡ።

አቧራው ደግሞ ሌላ ነው። ግንባታ ያለበት ሰፈር በሦስት ወር ውስጥ ሂትሲንኩ (የኩለሩ ብረት) ላይ ስስ ምንጣፍ ይነጠፋል። እጣን የሚጨስበት ቤት ከሆነ አቧራው ይጣበቃል፣ በመንፋት ብቻ አይለቅም። በፋርማሲ አልኮል ያጸዳሁት ኩለር አለ፣ ጨርቁ ላይ የቀረው ነገር ቡናማ ሆኖ ሽታው ራሱ እጣን ነበር።

4790ን በተመለከተ፦ እንደ ፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ የዚያ ዘመን የኢንቴል የቤት ፕሮሰሰሮች ክዳናቸው ሥር ያለው ብየዳ ሳይሆን ፔስት ነው። በተፈጥሮው ሞቃት ነው ማለት ነው። ከራሱ ኩለር ጋር ሬንደር ላይ 80 ቢገባ ጤነኛ ነው። ደግሞ በፕራይም 95 (ፕሮሰሰርን አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም) አትፈትኑት፤ የምትሠሩበትን ሥራ አትወክልም፣ ዝም ብላ ታስደነግጣችኋለች። የሰርግ ካሜራ የራሱ ሬንደር ከበቂ በላይ ፈተና ነው።


ነፋስ_ስልክ
ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 3፡10

እና የኔ የጠረጴዛ ፋን? ስሜን እዩት፣ ነፋስ የኔ ጉዳይ ነው 😄


ሙቀት_ለኪዋ
ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 3፡22

ለመመርመሪያ ጥሩ ነው። ጎኑን ስትከፍት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከወረደ ኬዙ አየር አያስገባም ማለት ነው። በ2 ብቻ ከወረደ ችግሩ ኬዙ አይደለም። ለኑሮ ግን አይሆንም፣ ፊት ለፊት ገብቶ በጀርባ የሚወጣውን መስመር ታጠፋበታለህ፣ አቧራውንም ራስህ ታጎርሰዋለህ።


የሰርግ_ካሜራ
ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 2፡05

ጋሼ፣ ቢወራረዱ ይበሉኝ ነበር።

ማዘርቦርዱን አውጥቼ ገለበጥኩት። ሦስቱ ነጭ ፕላስቲኮች ተከፍተው ጥቁሩ በመሃል ይታያል። አራተኛው፣ በራሙ በኩል ያለው፣ ጫፉ እንኳ ቀዳዳውን አላለፈም፤ ነጩ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ከላይ ሲታይ ግን የገባ ነው የሚመስለው፣ ማንም ቢያየው ምንም አይልም። ኩለሩን ሳነሳ ፔስቱ ግማሹ ላይ ተጨፍልቆ ብረቱ ይታያል፣ ሌላው ግማሽ ላይ ግን እንደ ቅቤ ቁልል ብሎ ተቀምጧል፤ ማንም ያልነካው፣ የተቀባበት መስመር ሳይቀር እንዳለ ነው። ያን ሁሉ ቀን ፕሮሰሰሬ በግማሽ ጎኑ ነው የኖረው።

የታጠፈችውን ፕላስቲክ በጉጠት አቃናኋት። በአልኮል ጠርጌ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ፔስት መሃል ላይ ጠብ አድርጌ፣ በማዕዘን ተጫንኳቸው። አራት ጊዜ ቀጭ። ጀርባውን አየሁ፣ አራቱም ወጥተዋል። ሁለተኛ አየሁ።

አሁን ምንም ሳልሠራ 37። ሬንደር ላይ ከ45 ተነስቶ ቀስ እያለ በስድስት ደቂቃ 81 ገባና እዚያው ቆመ። ኮሮቹ 81፣ 80፣ 78፣ 77። ኩለሩን ስነካው እጄን አነሳሁ፣ ደስ ሲል! ኤክስፖርቱ 54 ደቂቃ። ግን 81 አይበዛም?


ሽቦ_ቀጥል
ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 2፡30

አይበዛም። ከጣሪያው 19 ዲግሪ ቀርቶታል። ሂድ ሙሽራዋን አስደስት።


ሙቀት_ለኪዋ
ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ እንዳሉት ነው። ያም ሆኖ ድምፁ ካስቸገረህ ነፃ የሆነ ዘዴ አለ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ፣ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ሥር፣ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አድርገው። አንድ በመቶ አትምሰልህ፣ ቱርቦውን፣ ማለትም ፍጥነቱን ከመሠረታዊው በላይ የሚያወጣውን፣ ነው የሚያጠፋው፤ ፕሮሰሰሩ በመሠረታዊ ፍጥነቱ በ3.6 ጊጋኸርዝ ይሠራል። የሚወጣው ሙቀት በፍጥነቱ ልክና በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ሁለቱም 10 በመቶ ቢጨምሩ ሙቀቱ 33 በመቶ ይጨምራል። የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ውድ ናት የሚባለው ለዚህ ነው።


ከዚራ
ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 4፡15

ከድሬ ሰላም። እናንተ ስለ 22 ዲግሪ ክፍል ታወራላችሁ፣ እኛ ቀትር ላይ ቤት ውስጥ 36 ነው። 😅 የኔ አይ 5 ጌም ላይ 88 ይገባል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ብረቱም ያቃጥላል። በጋሼ አባባል አቧራ ነው ማለት ነው አይደል? ወንድሜ ጎሚስታ ጋ ወስደን በኮምፕረሰር እናስነፋው ይላል። ይቻላል?


ሽቦ_ቀጥል
ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 4፡50

በትክክል አንብበሻል የኔ ልጅ።

ጎሚስታው ይቻላል፣ ሰውም ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ግን ሁለት ጣጣ አለው። የኮምፕረሰር ታንክ ሆዱ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፣ አንዳንዱም ዘይት። መጀመሪያ ወደ መሬት ወይም ወደ ካርቶን ለግማሽ ደቂቃ ያስነፋው፤ ካርቶኑ ከረጠበ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ተመለሺ። ሁለተኛው፣ ፋኖቹን በእርሳስ ያዣቸው። ያ ግፊት ፋኑን ካልተሠራበት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፣ ኩሽኔታው ይበላሻል። እጁንም አንድ ክንድ ያህል ያርቅ። ለኔ ግን የቀለም ብሩሽና የእጅ መንፊያ ይበልጣሉ፣ በረንዳ ላይ ሆነሽ ትሠሪዋለሽ።

ደግሞ 88ን ከክፍልሽ ሙቀት ጋር አስቢው። 88 ሲቀነስ 36፣ 52 ነው። ያው ማሽን በ22 ዲግሪ ክፍል ወደ 74 ነበር የሚያሳየው። ስለዚህ ያን ያህልም አልታመመም። ቁጥር ስትጽፉ የክፍሉን ሙቀት አብራችሁ ጻፉ፣ አለዚያ የድሬውን ከአዲስ አበባው ማወዳደር አይቻልም።


ከዚራ
ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 5፡02

ገባኝ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። በፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ላይ የሴት ስቶኪንግ ወጥሬ አቧራ ባጣራስ?


ፔንግዊኑ
ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 5፡20

ይሠራል፣ እኔም አለኝ። ግን በየሁለት ሳምንቱ ካላጠብሽው እሱ ራሱ መዝጊያ ይሆናል።


የሰርግ_ካሜራ
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 4፡40

ጉድ ሆንኩ። እንደገና ጠፋ!

99 አድርጌዋለሁ፣ ሬንደር ላይ ከ73 አያልፍም፣ ኤክስፖርቱ የጨመረው አራት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ፋኑም ጸጥ ብሏል። ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ዛሬ ማታ 60 በመቶ ላይ ድርግም። ሎጉን ከፈትኩት፣ የመጨረሻው መስመር 72 ዲግሪ፣ 3.6 ጊጋኸርዝ፣ ቴርማል ትሮትሊንግ (በሙቀት ምክንያት ፍጥነት መቁረጥ) የሚለው ላይ «ኖ» ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። በግንቦት 5ቱ ሎግ ደግሞ 100 ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆይቶ አልጠፋም ነበር። አሁን ምንም አልገባኝም።


ሽቦ_ቀጥል
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 5፡00

ጥሩ አድርገህ ያዝከው። እኔም ከመጀመሪያው ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቄ ነበር፣ የኔ ጥፋት ነው። 100 ላይ አንድ ሰዓት ካልጠፋ፣ 72 ላይ ከጠፋ፣ የሚያጠፋው ሙቀት አይደለም። መዘግየቱ የሙቀት ነበር፣ መጥፋቱ የሌላ ነው።

የተሰካው የት ነው?


የሰርግ_ካሜራ
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 5፡06

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ። ኮምፒውተሩ፣ ሁለት ሞኒተር፣ ድምፅ ማጉያው፣ የካሜራ ባትሪ ቻርጀሮቹም። ዩፒኤሱ አራት ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ።


ሽቦ_ቀጥል
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 5፡15

ባትሪው ተቀይሮ ያውቃል? አሁን ምንም ሳይከፈት፣ ሞኒተር አንዱን ብቻ ሰክተህ፣ የግድግዳውን ሶኬት ንቀለው።


የሰርግ_ካሜራ
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 5፡24

አንድ ጊዜ ጢጥ አለና ሞተ። አንድ ሰከንድም አልቆየም።

እናቴም አሁን ስጠይቃት «ያን ጊዜ እኮ አምፖሉ ብልጭ ብሏል» አለችኝ። ኤክስፖርት ላይ አንገቴን ደፍቼ አላየሁትም እንጂ።


ሽቦ_ቀጥል
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 5፡31

አለቀ። መብራቱ ብልጭ ሲል ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ባትሪው ደግሞ የለም፣ ስለዚህ አንተን ጨምሮ ሁሉን ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ዓይነቱ ዩፒኤስ ላይ ከምትሰካው ባዶ ግድግዳ ላይ ብትሰካው ይሻልሃል፣ የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ትንሿን ብልጭታ በራሱ ሊሻገራት ይችላል። ባትሪውን ቀይር። ቻርጀሮቹንና ድምፅ ማጉያውን ከላዩ አውርድ።


ቨርጂኒያ_ነኝ
ግንቦት 10፣ ከጠዋቱ 12፡10

ይኼን ክር እንደ ተከታታይ ድራማ ነው ያነበብኩት። እኔም ተነስቼ የኔን ከፈትኩት፤ ውስጡ ያገኘሁት የድመት ፀጉር ነው።


የሰርግ_ካሜራ
ግንቦት 16፣ ከምሽቱ 1፡45

አዲስ ባትሪ ገባ። አምስት ቀን፣ ስድስት ኤክስፖርት፣ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ትናንት መብራት ሲሄድ ሴቭ አድርጌ በወጉ ዘጋሁት። ሙሽራዋ ፍላሿን ወስዳለች፣ እናቷም ምርቃት ልከዋል፤ ግማሹ የጋሼ ነው።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር ነበር፣ አፍሬ ነው። ኬዙ ላይ እናቴ የሠራችው ዳንቴል ነበረ። አቧራ እንዳይገባበት ብላ፣ ከአናቱ ጀምሮ እስከ ጀርባው ፋን ድረስ። ወደ ጥገና ቤት ስወስደው አንስቼው፣ ሲመለስ መልሳበት፣ እኔም ለምጄው አላየውም ነበር። ሙቀቱን እሱ አላመጣውም፣ አውቃለሁ፣ ግን ሳነሳው፣ ቱርቦውን መልሼ ስሞክረው፣ 81 የነበረው 77 ሆኗል። ይኼው በሎግ አለኝ፣ ክፍሉ ሁለቱንም ጊዜ 23 ነበር።

ዳንቴሉ ታጥቦ አሁን ሞኒተሩ ላይ ነው። ካሜራው ስለተሸፈነ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ጨለማ ሆኜ ነው የምታየው።